«እስማማለሁ» ከማለትህ በፊት

እንበልና ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ አንድ መልእክት ገባ። «በቪዲዮ ጌም ውስጥ ስለሚወጣ ገንዘብ እያጠናን ነው፤ 20 ደቂቃ ስጠን፣ የስጦታ ካርድ እንልክልሃለን» ይላል። ጌም ትጫወታለህ፣ ስኪንም ገዝተህ ታውቃለህ፣ የስጦታ ካርድ ደግሞ ማን ይጠላል? ሊንኩን ነካህ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንክ፣ በቃ አለቀ። በምን እንደተስማማህ በነጋታው ብትጠየቅ ግን አንድ ቃል አታስታውስም።

የዛሬው ጉዳያችን ያቺ «እስማማለሁ» የምትለው ቁልፍ ናት። «ደግሞ ጌም የዚህ ገጽ ርዕስ ሆነ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አዎ፣ ሆነ። ጽሑፎቻችንን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ላይክ የምታደርጉት ከምን መልስ እንደሆነ መቼም አይጠፋንም።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፤ ጥናቱ መደረግ አለበት። ሉት ቦክስ የሚባለውን ታውቀዋለህ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታይ ገንዘብ ከፍለህ የምትከፍተው ሣጥን ነው። የገዛኸው ዕጣ እንጂ ዕቃ አይደለም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄ በቁማር ሕግ የሚታይ ነው ብላ በገንዘብ የሚገዛውን ከለከለች። ብሪታንያ ሌላ መንገድ ያዘች። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2020 «ማስረጃ ያላችሁ አምጡ» ብሎ ሲጠይቅ ከ32 ሺህ በላይ ተጫዋቾች መጠይቁን ሞሉ። በ2022 የመጣው መልስ የቁማር ሕጉን አንነካም የሚል ሆነ፤ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይገዙ፣ ሌላውም ተጫዋች ወጪውን የሚቆጣጠርበት መንገድ እንዲኖረው ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይሥሩ ተባለ። በዓመቱ የኢንዱስትሪው ማኅበር 11 መርሆዎች ይዞ ብቅ አለ።

እሺ፣ መርሆው ወጣ። መሥራቱን ማን ያረጋግጥ? የወላጅ መቆጣጠሪያው፣ የወጪ ገደቡ፣ «ይህ ዕቃ የመውጣት ዕድሉ ይህን ያህል ነው» የሚለው ጽሑፍ ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። ልጁን ጠብቆታል ወይስ አልጠበቀውም የሚለውን ለማወቅ ግን ልጁ ያኔ ስንት ያወጣ ነበር፣ አሁንስ ስንት ያወጣል ብሎ ማየት ግድ ነው። ይህን ሁሉ የመዘገበው ኩባንያው ነው። በስንት ሰዓት እንደገዛህ፣ ስንት ጊዜ ተሸንፈህ እንደገዛህ ያውቃል። ከውጭ የሚያጠናው ሰው ግን ኩባንያው ካልሰጠው በቀር ያለው አማራጭ አንተን መለመን ነው። ስለዚህ «መረጃዬን ለማንም አልሰጥም» ብለህ በርህን ጥርቅም ብታደርገው የሚደሰተው ማን እንደሆነ አስበው። ማንም አላየውማ!

ኩባንያዎቹን በባዶ ሜዳ እየወቀስናቸው አይደለም። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በሁለት ጉዳይ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾችን በሚያሳስት የቁልፍ አቀማመጥ ሳይፈልጉ እንዲገዙ አድርጓል ተብሎ ለተጎጂዎች የሚመለስ ነው፤ ልጆች በወላጅ ካርድ ያለ ፈቃድ የገዙትም እዚያ ውስጥ አለ። ቀሪው 275 ሚሊዮን ግን ስለ ገንዘብ አይደለም። ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ወላጅ ሳይፈቅድ መረጃ ሰብስቧል የሚል ነው። ኪስህና መረጃህ በአንድ ኩባንያ ላይ በቀረቡ ሁለት ክሶች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ በል።

እንግዲህ ጥናቱ ያስፈልጋል ካልን፣ የምትሰጠው ምን እንደሆነ ደግሞ እንይ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። «የጌም ወጪ ነው፣ ምን ሚስጥር አለው?» ይላል።

ስለ ሉት ቦክስ የሚደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ስንት አወጣህ ብለው ብቻ አያቆሙም። የቁማር ችግር መለኪያ የሆኑ 9 ጥያቄዎች በብዛት አብረው ይመጣሉ። ለቁማር ብለህ ገንዘብ ተበድረህ ወይ ዕቃ ሸጠህ ታውቃለህ? በጥፋተኝነት ስሜት ተይዘህ ታውቃለህ? እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለንስሐ አባትህ እንኳ አንገትህን ደፍተህ የምትነግረውን ለማታውቀው ሰው በአራት ክሊክ ትነግረዋለህ። ይሄ የጌም ወጪ አይደለም፣ ገመና ነው። በአውሮፓና በብሪታንያ ሕግ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ካላቸው መረጃዎች ተርታ ነው፤ የሱስ ነገር ደግሞ ወደዚያው ይሄዳል።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንዳንድ ጥናት «ከትውስታህ አትንገረኝ፣ ትክክለኛውን መዝገብ አውርደህ ስጠኝ» ይላል። ሰው ያወጣውን ገንዘብ በትክክል ስለማያስታውስ ጥያቄው ለሳይንሱ ተገቢ ነው። ግን የባንክ መግለጫህን እስቲ አውጥተህ እየው። ከጌሙ ግዢ ከፍ ብሎ ለእናትህ የላክኸው አለ። ዝቅ ብሎ ክሊኒክ የከፈልከው አለ። ለቤተ ክርስቲያን ወይ ለመስጊድ የሰጠኸው፣ ለማኅበርህ በየወሩ የምታዋጣው አለ። የአንተ ሃይማኖት፣ የአንተ ፖለቲካ፣ የአንተ ብሔር በመስመር በመስመር ተጽፏል። ለዚህ ገጽ ተከታይ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ማብራራት ያለብን አይመስለንም። ካርዱ የአባትህ ከሆነ ደግሞ የምትሰጠው የራስህን ብቻ አይደለም። የቤቱን ሁሉ ጓዳ ነው፤ እሳቸውን ማንም አልጠየቃቸውም።

«ለጥናት ነው» የሚለው ቃል ራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ዓለም በደንብ አይቷል። ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚለውን ስም ሰምተሃል። አንድ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፌስቡክ ላይ የባሕርይ መጠይቅ አዘጋጀ፤ ተሳታፊዎቹ ለትምህርታዊ ጥናት ነው ብለው ሞሉት። የሞሉት 270 ሺህ ገደማ ሰዎች ናቸው። መረጃው የተወሰደበት ሰው ግን ፌስቡክ ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገመተው እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የጓደኛ ጓዳም አብሮ ተከፍቶ ነበርና። መረጃው የት ገባ? የምርጫ ቅስቀሳ የሚሠራ ድርጅት እጅ።

«ስሜን አጥፍተውታል፣ ማን እንደሆንኩ አይታወቅም» የምትል ካለህ ደግሞ ይህን ስማ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ1.1 ሚሊዮን ሰዎችን የሦስት ወር የክሬዲት ካርድ ግዢ መረመረ። ስም የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም። ሆኖም ስለ አንድ ሰው አራት ግዢዎች፣ ማለትም የትኛው ቀን የት እንደገዛ ብቻ ካወቅህ፣ ከመቶው ዘጠናውን ከሌላው ለይተህ ማውጣት ትችላለህ። ዋጋውን ካወቅህ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይቀላል። አሁን አስበው፤ አዲስ ስኪን በገዛህ ቁጥር ስክሪን ሾት አንስተህ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የምትለጥፍ አንተ ነህ። ቀኑን ነግረኸናል፣ ዋጋውን ነግረኸናል። አራት ለመሙላት ስንት ፖስት ቀረህ?

ይሄን ሁሉ የምንለው ልናስፈራህ አይደለም። ጥናት ሁሉ ገመና አይጠይቅም። ቤልጂየም ከከለከለች በኋላ አንድ ተመራማሪ እዚያው አገር ብዙ ገቢ የሚያስገቡትን 100 የአይፎን ጌሞች አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። 82ቱ ሉት ቦክስ እንደያዙ ነበሩ! ሕጉ ወረቀት ላይ መቅረቱ የታወቀው የአንድም ተጫዋች ስም ሳይጠየቅ ነው። ስለዚህ ተመራማሪን የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ ለማወቅ የፈለግኸውን ያለ እኔ መረጃ ማወቅ አትችልም ወይ? ካልቻልክስ ለምን የአንድ ዓመት መግለጫ? የጌሙን መስመሮች ብቻ ቆርጬ ብሰጥህስ? የሚሸሽ መልስ ከሰጠህ አንተም ሽሽ።

ቀጥሎ መረጃው በማን እጅ እንደሚገባ ጠይቅ። አንድ ጥናት ላይ መንግሥት ያዝዛል፣ የጥናት ድርጅት ይሠራል፣ ተሳታፊ የሚመለምለው ሦስተኛ ነው፣ የስጦታ ካርዱን የሚልከው ደግሞ አራተኛ ሊሆን ይችላል። ኢሜይልህ የሚፈለገው ለካርዱ ብቻ ከሆነ ከመልስህ ተለይቶ መቀመጥና ካርዱ ሲላክ መጥፋት አለበት። ድምፅህን ከቀዱ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ቅጂው መቼ እንደሚሰረዝ ቀን ይንገሩህ። «አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ጥናቱን የጌም ኩባንያ ከደገፈው ደግሞ ጥሬው መረጃ ወደ ኩባንያው ይመለሳል ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቅ። አብዛኛው ሰው ይህን መጠየቅ ያፍራል። ምን ያሳፍራል?

ለንደን ወይም ሊድስ ላላችሁ አንድ ረቂቅ ነገር አለች። በሕጉ መሠረት የሰጠኸውን ፈቃድ ማንሳት ከመስጠቱ እኩል ቀላል መሆን አለበት። ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጊዜ መረጃህን የሚይዙት በፈቃድህ ሳይሆን «የሕዝብ ተግባር» በሚል ሌላ የሕግ መሠረት ነው። የተጫንካት «እስማማለሁ» ለምርምር ሥነ ምግባር እንጂ ለመረጃው ሕግ ላትሆን ትችላለች። ያኔ «አጥፉልኝ» ብትል፣ ማጥፋቱ ጥናቱን ክፉኛ የሚያበላሽ ከሆነ እምቢ የሚሉበት ቀዳዳ ሕጉ ራሱ ትቶላቸዋል። ከማንነትህ ጋር ጨርሶ ከተለያየ በኋላማ የትኛው የአንተ እንደሆነም አያገኙትም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። መረጃ አያያዙን በሚገልጸው ገጽ ላይ የሕግ መሠረቱ ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ ካልተጻፈ ያው ነገሩ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል።

አገር ቤት ላለኸውም ነገሩ ከእንግዲህ ሕግ አልባ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጸድቋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ አንተ የተያዘውን የማየት፣ የተሳሳተውን የማስተካከል፣ እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት አለህ። አዋጁ አዲስ ነው፤ በወረቀት ያለ መብት ደግሞ የሚጠይቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ ያንቀላፋል። ከመካከላችሁ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የመመረቂያ ጥናት የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ጉግል ፎርም ከፍታችሁ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ ትሞሉና ፋይሉን ለአምስት ጓደኛ ታጋራላችሁ። እናንተንም ይመለከታል! ስልክ ቁጥሩ ለጥያቄያችሁ ምን ይሠራል?

ስለ ታናናሾቻችን ደግሞ አንደራደርም። ወላጅ ሳይጠይቅ ልጅን በቀጥታ በስጦታ ካርድ የሚያባብል መጠይቅ ካያችሁ አትሙሉት፣ ለሌላም አታሻግሩት። ጥናቱን የሚያሠራው ተቋም በራሱ ድረ ገጽ ላይ በሚገኝ አድራሻ ጻፉና የእነሱ መሆኑን አረጋግጡ። የሊንኩን ስክሪን ሾት አስቀምጡ፤ በውስጥ መስመርም ላኩልን።

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥናቱ ንጹሕ ሆኖ ካገኘኸው ግባ፤ ያወጣኸውን ብር ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገራቸው። ከመጫንህ በፊት ግን ራስህን ከጥናቱ ማስወጣት የምትችልበትን የመጨረሻ ቀን ፈልገህ ስልክህ ካላንደር ላይ ጻፈው።