መበየጃው ወደ ሥራው ሄዷል፤ ምርመራውስ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት የብየዳ ሥራ ያያል። አንደኛው በየከተማው መግቢያ ያለው ብየዳ ቤት ነው፤ በደጁ የበርና የመስኮት ብረት፥ የአልጋ እግር፥ የጋሪ አካል ተደርድሮ ይታያል። ሁለተኛው ግን ቤት የለውም። ጄኔሬተሩን፥ የብየዳ ማሽኑን፥ ጥቅል ገመዱንና ግራይንደሩን በአንድ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሥራው ወዳለበት ይሄዳል። ዛሬ ልናገርለት የወደድሁት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የምዕራብ ሸዋ ፋብሪካዎችና የግንባታ ሥራዎች ያለ እርሱ ብዙ ርቀው መሄድ አይችሉምና።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቅ ብረት ወደ ብየዳ ቤት አይመጣም። በአዳ በርጋ ወረዳ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወረዳ የተሠራው የዳንጎቴ ፋብሪካ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። በእንደነዚህ ባሉ ፋብሪካዎች የተፈጨው ድንጋይ በ1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚጋገረው ርዝመቱ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር፥ ቀንና ሌሊት በሚሽከረከር የብረት ምድጃ ውስጥ ነው። የምድጃው አካል የተሰነጠቀ እንደሆነ በያጁ ወደ ምድጃው ይሄዳል እንጂ ምድጃው ወደ በያጁ አይሄድም። የድንጋይ ካባው ኤክስካቫተር ጥርስ፥ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተሸካሚ ብረት፥ የውሃ ታንከሩ ማማም እንዲሁ ናቸው።

ይሁን እንጂ ብየዳ ቤት ውስጥ የሚሠራና ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ሙያቸው አንድ ሲሆን ጠላታቸው ይለያያል። የሜዳው በያጅ የመጀመሪያ ጠላት ከፍታ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አየሩ በሳሳ መጠን ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፥ በላዩ 10 ኪሎ ዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚያ የሚሰጠው 8 ገደማ ነው። ሁለተኛው ጠላት ገመዱ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ ኃይልን በመንገድ ይበላል። ኃይል ያነሰው ብየዳ ደግሞ ከላይ አምሮ ይታያል እንጂ ወደ ብረቱ ሥር አይዘልቅም።

ሦስተኛውና ክፉው ጠላት እርጥበት ነው። ከባድ ጭነት ለሚሸከም ብረት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ ነው፤ የዚህ ኤሌክትሮድ ሽፋን ግን እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ በብየዳው ሙቀት ሲበተን ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ ሃይድሮጅኑም ወደ ቀለጠው ብረት ገብቶ ብረቱ ከበረደ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ፥ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ኤሌክትሮዱ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሙቀት ባለው ማድረቂያ ውስጥ መቆየት ይገባዋል። እንግዲህ የሰኔንና የሐምሌን ዝናብ ለሚያውቅ የምዕራብ ሸዋ ሰው ነገሩ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ባለፈው ክረምት ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የውሃ ታንከር የሚሸከም የብረት ማማ ሲበየድ ቆሜ አይቼ ነበር። ካፊያ ይወርዳል። ረዳቱ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዟል፤ በሌላው እጁ ኤሌክትሮድ ከተከፈተ ካርቶን እየመዘዘ ያቀብላል። በያጁ ፀጉሩ የሸበተ፥ እጁም የማይንቀጠቀጥ ሰው ነው።

«ጋሼ፥ ይህን ብየዳ የሚመረምረው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጭንብሉን ወደ ላይ ገልጦ ፈገግ አለና፥ «ልጄ፥ የሚረከቡኝ ሰዎች የሚያዩት ቀለሙን ነው። ቀለም ከተቀባ ብየዳ ሁሉ አንድ ነው። ኤሌክትሮዱ መድረቅ እንዳለበት አጥቼው አይደለም፤ ማድረቂያውን በዋጋዬ ውስጥ ካስገባሁት ግን ጨረታውን ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለኝ።

ለዚህ ነገር መልስ አላገኘሁለትም። 5000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ይመዝናል፤ ከማማው ሥር ደግሞ ልጆች ተሰልፈው ውሃ ይቀዳሉ። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሰውየው ሰነፍ ወይም መሃይም አለመሆኑ ነው። የሚገባውን ያውቃል፤ የሚያውቀውን እንዳይሠራ ያደረገው ግን ቢሮ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣው ውል ነው።

የአንዲት ትንሽ ብየዳ ጥፋት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚያስተምር ታሪክ በሰሜን ባሕር ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 አሌክሳንደር ኪየላንድ የተባለው የኖርዌይ ተንሳፋፊ የብረት መድረክ በማዕበል መካከል ተገልብጦ በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ አለቁ። መርማሪዎቹ የጥፋቱን መነሻ ፈልገው ያገኙት አንድ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ለመያዝ በተበየደ ቁራጭ ብረት ላይ ነው። ብየዳው ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ከባድ ጭነት አይሸከምምና ማንም አልተጨነቀለትም፤ ነገር ግን ስንጥቁ ከእርሱ ተነሥቶ ዋናውን ማገር በጠሰ። የአንድ ብየዳ ክብደት በውፍረቱ ሳይሆን በተበየደበት ቦታ እንደሚለካ ከዚህ እንማራለን።

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን «የሙያ ብቃት ምዘና አለ አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አዎን፥ አለ፤ መልካምም ነገር ነው። ነገር ግን ያ ወረቀት ሰውየው በተመዘነበት ቀን መበየድ ይችል እንደነበረ ይመሰክራል እንጂ፥ ትናንት በካፊያ፥ ጉልበቱ በደከመ ጄኔሬተር የበየደው መገጣጠሚያ ጤነኛ ስለ መሆኑ አይመሰክርም። ሌሎችም «ምርመራ ውድ ነው፤ የድሃ አገር ሥራ አይደለም» ይላሉ። ለትልልቅ ፋብሪካዎች የሚደረገው የራጅና የአልትራሳውንድ ምርመራ በእርግጥ ገንዘብና ሠልጣኝ ይጠይቃል። ለትምህርት ቤት ጣሪያና ለውሃ ማማ ግን ከቀላሉ መጀመር ይቻላል።

መጀመሪያ፥ ሥራው ሳይጀመር በያጁ በዚያው ቦታ፥ በዚያው ጄኔሬተርና በዚያው ኤሌክትሮድ ሁለት ቁራጭ ላሜራ ያጋጥም። ከዚያ ላይ ቀጭን ሰቅ ተቆርጦ በመኪና ክሪክ ይታጠፍ። ብየዳው ጤነኛ ከሆነ ይለመጣል፤ ካልሆነ አፉን ይከፍታል። ሁለተኛ፥ ሥራው ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላና ቀለም ሳይቀባ በመገጣጠሚያው ላይ ሰርጎ የሚገባ ቀይ ፈሳሽ ይረጭ፤ ተጠርጎም ነጩ ይነፋበት። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ይህ ዘዴ እስከ ላይ ያልደረሰውን ስንጥቅ አያሳይም፤ ቢሆንም በቀለም ከመሸፈን በብዙ ይሻላል። ሦስተኛ፥ የበያጁ ስም፥ የኤሌክትሮዱ ዓይነትና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነው። ይኸውም የኤሌክትሮድ ማድረቂያውና ምርመራው በጨረታው ሰነድ ላይ ራሱን የቻለ የዋጋ መስመር እንዲያገኙ ነው። ሁሉም ተጫራች ይህን መስመር እንዲሞላ ከተገደደ፥ ኤሌክትሮዱን የሚያደርቀው ሰው ከማያደርቀው ጋር በዋጋ ተወዳድሮ አይሸነፍም። መሣሪያው አንድ ፒክ አፕ አይሞላም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓሱ ምህንድስና ያስተምራል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ብየዳ ያሠለጥናሉ። መምህርና ተማሪ ይህን መሣሪያ ጭነው እስከ ጌዶ፥ እስከ ባኮ፥ እስከ እንጭኒ ቢሄዱ ወረዳው መርማሪ ያገኛል፤ ተማሪውም በመጽሐፍ ያነበበውን ስንጥቅ በዓይኑ ያያል።

ከዚህም ጋር አንድ የቆየ ዕዳ አለብን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያ ያለው ሰው በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። አባቶቻችን ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፥ በምዕራብ ሸዋም ቱምቱ እያሉ ማረሻውን ይወስዱበትና ከማዕዳቸው ያርቁት ነበር። እኛ የተማርነው ደግሞ ማማውን እንረከብና የበየደውን ሰው ስም ሳንጠይቅ እንሄዳለን። እኔም ራሴ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት ኤሌክትሮድ ጨብጬ ሳላውቅ ነው፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ራሴም በወቀሳው ውስጥ አለሁበት።

እናንተ በየወረዳው መሥሪያ ቤት አዲስ የተመደባችሁ ወጣቶች፥ ነገ አንድ የርክክብ ወረቀት ከፊታችሁ ይቀርባል። ቀለሙ ደርቋል፤ ተቋራጩ ቆሟል፤ አለቃችሁም ይቸኩላል። ከመፈረማችሁ በፊት «ቀለም ሳይቀባ ያየው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከጠፋ ብዕራችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ አድርጉና ቀለሙ ይፋቅ በሉ። የተፋቀ ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል።