ሁለት ዛፍ የሚወጣ ይፈለጋል

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቻችንን አንብቡማ! «በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ማከናወን የሚችል» ይላሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ስንል የኖርን ሰዎች፣ ዛፍ ወጪ በደመወዝ እንቀጥራለን። («ሁለት ባላ ትከል» ለምትሉኝ፦ ባላው ሁለት ይሁን እንጂ የሚንጠለጠሉት ባንዱ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2009 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ነገር ባንዴ መከታተል የሚያዘወትሩ ተማሪዎችን ፈተኑ። ከሌሎቹ አንሰው የተገኙት የማይረባውን ችላ በማለት ብቻ አልነበረም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በመዝለልም ጭምር እንጂ!

መስኮት ላይ የቆመ ባለጉዳይ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሠራተኛው ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሃል ቀርቅሮ፣ የእርስዎን ፋይል እየገለጠ የሌላውን ደብዳቤ ማኅተም ይመታል። የአያትዎ ስም ይሳሳታል፤ «ነገ ይመለሱ» ይባላሉ። ምን ያድርግ? ሲቀጠር የተጠየቀውን ነው የፈጸመው። አለቃው ስልክ የሚያነሳ ሌላ ሰው መድቦ፣ እሱን ለአንድ ፋይል ቢተወው ምን ይጎድልበታል?