ወደ በረሃ ስንነዳ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

የካሊፎርኒያ ኪራይ ያማረረው ወጣት ዓይኑን ወደ ፊኒክስና ወደ ላስ ቬጋስ ሲጥል ይገባኛል። ኔቫዳ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የላትም። ላስ ቬጋስ ደግሞ ለሀበሻ ባዳ አይደለችም፣ እንጀራውም ዘመዱም አለ። ከተማውን ከለመዱ በኋላ ቀጣዩ ነገር የታወቀ ነው፦ ያገለገለ ጂፕ፣ ወፍራም ጎማ፣ ከዚያ አስፋልቱን ትቶ ወደ በረሃ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ አቧራው፣ ቀዩ ተራራ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ። እውነቱን ለመናገር ያስቀናል።

እኔም ንዱ ነው የምለው። ግን አንድ ነገር እንተማመን፦ ይሄ ነፃ የሚመስል መዝናኛ ነፃ አይደለም። ኢኮኖሚክስ ላይ ኤክስተርናሊቲ የሚባል ነገር አለ። በቀላሉ፣ እናንተ በልታችሁ ስትወጡ ሂሳቡ ለጎረቤት ጠረጴዛ ሲሄድ ማለት ነው። በበረሃ መንዳት ላይ ያ ሂሳብ ሰደድ እሳት ይባላል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ አሪዞና ውስጥ አንድ ሰው የሚወለደው ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ለማብሰር ፈንጂ ዱቄት የተሞላ ኢላማ ተኮሰ። ቪዲዮው ላይ እሳቱ ደረቁን ሳር በሰከንዶች ውስጥ ሲይዘው ይታያል። 19 ሺህ ሄክታር ገደማ ተቃጠለ፣ ጉዳቱ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ሰውየው ጥፋቱን አመነ። የአከፋፈሉ ስምምነት ግን መጀመሪያ 100 ሺህ ዶላር፣ ከዚያ በወር 500 ዶላር ለ20 ዓመት ነበር። ደምሩት፣ 220 ሺህ ዶላር ነው። ከጉዳቱ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም። ቀሪው የማን ሆነ? የግብር ከፋዩ፣ የደኑ፣ የእንስሳቱ።

«እኔ ፈንጂ አልተኩስም» ትሉ ይሆናል። በ2020 ከፊኒክስ ሰሜን ምሥራቅ የተነሳው ቡሽ ፋየር መነሻው በአውራ ጎዳና ዳር የተቃጠለ አንድ መኪና ነው። 78 ሺህ ሄክታር ገደማ በላ፣ ከአዲስ አበባ ስፋት ይበልጣል። መብረቅ እሳት ማስነሳቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እንደሚለው ከ100 ሰደድ እሳት 85 ያህሉ የሚነሳው በሰው ነው።

«በረሃ ምን የሚቃጠል አለው?» የሚል ጥያቄም አለ። ድሮ ትክክል ነበር። ቁጥቋጦው ተራርቆ ስለሚበቅል እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልም ነበር። አሁን ግን ክፍተቱን መጤ ሳሮች ሞልተውታል። አንዱ በፈል የሚባለው ሳር ነው፣ ለከብት መኖ ተብሎ ከእኛው አህጉር፣ ከአፍሪካ፣ የተወሰደ። ሲደርቅ በረሃውን እንደ ገለባ ክምር ያደርገዋል። በፊልም የምታውቁት ክንዳም ቁልቋል፣ ሳጓሮ፣ የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ይፈጅበታል። እሳትን የሚቋቋም ተፈጥሮ ደግሞ የለውም።

ለዚህ ነው ዝናቡ ሐምሌ አካባቢ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ባለሥልጣናት ገደብ ሲጥሉ የምደግፈው። መጀመሪያ ደረጃ ላይ እሳት ማንደድ ይከለከላል። ሲከፋ ከተፈቀደው መንገድ ወጥቶ መንዳትም ይቆማል፣ ከባሰ ደኑ ይዘጋል። «የሕዝብ መሬት አይደል፣ ማን ከልካይ አለኝ?» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። የኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ገደማ የፌዴራል መንግሥት ነው። የሁሉም ከሆነ ደግሞ ሲቃጠል የሚከስረው ሁሉም ነው። መዘጋቱ አስጎብኚውንና መኪና አከራዩን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ያ ኪሳራ ግን ቁጥሩ ይታወቃል፣ በሳምንታትም ያልፋል። የእሳቱን ግን ማንም ቀድሞ አያውቀውም፣ ማንም በደመወዙ ከፍሎ አይጨርሰውም። ስለዚህ ቅጣት ብቻውን አይበቃም፣ ጥንቃቄው መቅደም አለበት።

ጥንቃቄው ደግሞ ርካሽ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ደን ገጽ በስልካችሁ ክፈቱና ገደብ መኖሩን እዩ። ዋች ዱቲ የሚባለው መተግበሪያ የሚነዱ እሳቶችን ካርታ ላይ ያሳያል። ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። የተጎታች ሰንሰለት መሬት እንዳይጎተት እሰሩ፣ ብልጭታ ያወጣል። የጋለ ማርሚታ እሳት ያስነሳልና ደረቅ ሳር ላይ አታቁሙ። ሞተር ሳይክል ወይም ኤቲቪ ከሆነ ጭስ ማውጫው ላይ ብልጭታ የሚያስቀረው ወንፊት መኖሩን አረጋግጡ። አካፋና በቂ ውሃም ያዙ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ በጥሬው የሠራበት ቦታ ቢኖር ይሄ በረሃ ነው። ቪዲዮውን ለጥፉ፣ እኔም ላይክ አደርጋለሁ። ሂሳቡን ግን ለጎረቤት ጠረጴዛ አትላኩ።