«ደቡብ ክልል» የሚል መጽሐፍ ይዛችሁ አትውጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ኮንሶ፣ ጌዴኦ ወይም ካፋ ሊጓዝ ያሰበ ሰው የጉዞ መመሪያ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚያየው ሽፋኑን ነው። ሽፋኑ ላይ በታችኛው ከንፈሯ ሸክላ ያደረገች የሙርሲ ሴት ካለች «ስለ ደቡብ ነው» ብሎ ይገዛል። በዚህ መልኩ የተገዛ መጽሐፍ ተጓዡንም የሚጎበኘውንም ሕዝብ ይጎዳል።

አስቀድሞ መታየት ያለበት የታተመበት ዓመት ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ። የቀረው በ2015 መጨረሻ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። አሮጌ መጽሐፍ ግን ዲላም ቦንጋም ያለ ሰው ጉዳዩን ሐዋሳ እንዲጨርስ ይልከዋል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መስከረም በዩኔስኮ መመዝገቡንም አያውቅም።

ሁለተኛው መፈተኛ ፍቼ ጨምበላላ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው ቀኑን የሚወስኑት፤ ስለዚህ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ለበዓሉ አንድ ቋሚ ቀን ቆርጦ ያተመ መጽሐፍ ጸሐፊው ሲዳማን ጠይቆ እንዳልጻፈ ራሱ ይመሰክራል።

ዋናው ጉዳይ ግን ኦሞ ነው። ብዙ መመሪያ ለአንድ ፎቶ ስንት ብር እንደሚከፈል በዝርዝር ያስረዳል። ሙርሲዎች ከብት አርቢም ገበሬም መሆናቸውን፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ እንደነበር ግን ይዘላል። በ2009 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ያንን ዓመታዊ ሙላት ለወጠው። ግድቡ ለአገር መብራት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ዋጋውን ማን እንደከፈለ የማይናገር መጽሐፍ ግን ስለ ኦሞ ጻፈ አይባልም። አንባቢውም ካሜራ አንግቶ መንደር ሲደርስ ሰዎቹ ለምን ከፎቶ ገንዘብ እንደሚጠብቁ አይገባውም። ተመልሶ «ብር ወዳድ ናቸው» ይላል።

የቱሪዝም ቢሮዎች ብሮሹርስ? ወረቀቱ ያማረ ነው፣ ሁሉም ፏፏቴ «አስደናቂ» ነው። አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ እንደሚዘጋ ግን አልተጻፈም። «ስልክ እያለ መጽሐፍ ለምን?» የሚሉም አሉ። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ውስጥ ይሞክሩትና ይንገሩን።

እውነት ለመናገር የፊሊፕ ብሪግስ የብራድት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ሌሎች ከላሊበላና ከጎንደር እምብዛም በማይርቁበት ጊዜ ነበር፤ በኋላ እትሞቹም ለጅማ፣ ለነቀምትና ለጋምቤላ ቦታ ሰጥቷል። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የአገሬው ሰው የገዛ ጎረቤቱን ለማወቅ ዛሬም በእንግሊዝኛ፣ ለፈረንጅ የተጻፈ መጽሐፍ ማገላበጡ ነው። አሳታሚዎቻችን የፖለቲከኛ ትዝታ ለማተም ወረቀት ተወደደብን ሲሉ አይሰሙም።

የፀጥታውን ነገር ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ አይነግርም። እሱን ከመነሳት በፊት የሚሄዱበት ከተማ ያለ ሰው ጋ ደውሎ መጠየቅ ነው።

መጽሐፍ መደብር የገባ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቀይ አፈር የሚለውን ገጽ ይግለጥ። የገበያው ቀን ሐሙስ መሆኑ ካልተጻፈ ወደ መደርደሪያው ይመልሰው።