ሽርሽሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለቅሶ ድረሱ

በዚህ ሳምንት የምንመልሰው ደብዳቤ የመጣልን ከወደ ጀርመን፣ ከቦን ከተማ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይገለጽ ስለጠየቀን እኛም «ወንድማችን» እያልን እንጠራዋለን።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ እዚያ የሄዱ ሃያ ያህል ኢትዮጵያውያን ናቸው። ቀደም ሲል በየወሩ አንድ ቅዳሜ በአንዳቸው ክፍል ተሰብስበው ቡና ያፈሉ፣ ሽሮ ይሠሩ፣ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ የአገር ቤት ፖለቲካ ተነሣና ነገሩ ከረረ፤ ዘር መቁጠር መጣ። ሰባቱ ግሩፑን ጥለው ወጡ። አሁን መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ «ሃይ» ተባብለው መተላለፍ ሆኗል።

ይህ ያንገበገበው ወንድማችን «የሦስት ቀን ሽርሽር አዘጋጅቼ ሰዉን ላቀራርብ አስቤአለሁ። አምስተርዳም ወይም ፓሪስ ብንሄድ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ብናሠራ፣ ማታ ማታ የውይይት ፕሮግራም ቢኖር ምን ይመስላችኋል?» ሲል ይጠይቀናል። ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። ስለ ቲሸርቱ ቀለም ብቻ ግማሽ ገጽ ሄዷል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን በአንዲት መስመር እንዲህ ብሎ ያልፋል፦ «አንዷ ልጅ ደግሞ አገር ቤት ወንድሟ ሞቶባት ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ከክፍሏ አትወጣም፤ እኛም ያን ሰሞን ተኳርፈን ስለነበር አልሄድንም።»

ወንድማችን፣ የደብዳቤህ ፍሬ ነገር ይህቺ መስመር ናት። ሌላው ሁሉ ከሷ በኋላ የሚመጣ ነው።

እስቲ አስበው። አገር ቤት ቢሆን መርዶ ለብቻ አይሰማም። ዘመድ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይገባል፤ የሚይዝ ይይዛል፣ የሚያለቅስ አብሮ ያለቅሳል፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ አንዷ ሳትጠየቅ ጀበናውን ትጥዳለች። እሷ ግን መርዶዋን የሰማችው በስልክ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጮኻ እንዳታለቅስ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤቷ ምን ሆነች ብሎ ፖሊስ ቢጠራስ? በማግስቱ ደግሞ ፕሮፌሰሩ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ቋንቋዋን የሚችሉ፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ማለት የሚያውቁ ሃያ ሰዎች በአንድ ከተማ እያሉ አንድም ሰው በሯን አላንኳኳም። አሁን ደግሞ «ሽርሽር አለ፤ ቲሸርትሽ ስንት ቁጥር ነው?» የሚል መልእክት ቢደርሳት ምን ይሰማታል? እኛ ብንሆን ስልኩን ዘግተን እንተኛ ነበር።

«አርባውም ሰማንያውም አልፏል፤ አሁን ምን ብለን እንሄዳለን?» ትል ይሆናል። ገጠር ያለ ዘመድ ከዓመት በኋላ መጥቶ ደጃፍ ላይ ሲያለቅስ አይተህ አታውቅም? ማንም «ዘገየህ» ብሎ አልመለሰውም። ስለዚህ ሂዱ። ሃያችሁም እንዳትሄዱ፣ ትደነግጣለች። ሦስት ሁኑ፤ ከሦስቱ አንዱ ግን ግሩፑን ጥለው ከወጡት መካከል ይሁን። ሄደህ በግልህ «ለቅሶ እንድረስ» በለው። ፖለቲካ አታንሳበት። ለቅሶ እንድረስ የተባለ ሐበሻ እምቢ የሚለው ስንት ጊዜ ነው?

ወጥ በድስት፣ ቡና በፔርሙዝ ይዛችሁ ግቡ። «ዘግይተናል፣ ይቅር በይን» በሉና በዚያው ተዉት፤ «ያን ሰሞን እኮ ተኳርፈን...» የሚል ማብራሪያ አትጀምሩ። ስለ ወንድሟ ጠይቋት፤ ምን ይሠራ ነበር፣ ፎቶው አለሽ ወይ በሏት። ካለቀሰች ታልቅስ፤ «በቃ፣ በቃ» እያላችሁ አታስቁሟት። በሩን ካልከፈተች ድስቱን አስቀምጣችሁ ተመለሱና በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሂዱ። በዚያን ዕለት ስለ ሽርሽር አንዲት ቃል እንዳታነሱ!

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ሽርሽሩ እንምጣ፤ ሐሳቡማ ጥሩ ነው።

አምስተርዳምና ፓሪስ ይቅሩ። ትልቅ ከተማ የገባ ቡድን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሦስት ሆኖ ይበተናል፤ ሁሉም የሚሄደው ድሮም ከሚስማማው ጋር ነው። ደግሞ ከመካከላችሁ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ አመልክቶ መልስ የሚጠብቅ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ድንበር ለመሻገር ይፈራል፤ ምክንያቱን ለማንም አይናገርም፣ «አልመቸኝም» ብሎ ይቀራል።

እዚያው ራይን ወንዝ ዳር፣ ባካራክ ላይ የሽታሌክ ግንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1689 ፈረንሳዮች ያፈረሱት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታድሶ የወጣቶች ማደሪያ የሆነ ውብ ቦታ ነው። ለፎቶ እሱን የሚያህል የለም። እኛ ግን አንመርጥልህም፤ እንዲህ ያሉ ማደሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን አብስለው ያቀርቡላችኋል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ራሳችሁ የምታበስሉበት ቤት ነው። ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን ፊት ለፊት አስቀምጠህ «ተወያዩ» ብትላቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አምስት ኪሎ ሽንኩርትና ሁለት ቢላዋ ብትሰጣቸው ግን ቢያንስ «እሱን አቀብለኝ» ይባባላሉ። የማታውን የውይይት ፕሮግራም ሰርዘውና የኩሽና ተራ አውጣ። ማን ከማን ጋር እንደሚደርስ በዕጣ ይሁን።

እንዲህ ያሉ ኩሽና ያላቸው የቡድን ቤቶች ከቦን ብዙም በማይርቀው በአይፍል ተራራማ አገር ሞልተዋል። በላኸር ሐይቅ አካባቢ ፈልግ። ሐይቁ ከ13 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ደብረ ዘይት ሄዶ ቢሾፍቱን ወይም ባቦጋያን ያየ ሰው አገሩ የገባ ይመስለዋል። በምሥራቅ ዳርቻው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጋዝ ውሃውን ቡልቅ ቡልቅ ያደርገዋል። ዙሪያውን በእግር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በእግር ጎን ለጎን ሲሄድ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማያወራውን ያወራል። ከቦን አንደርናህ ድረስ በአካባቢ ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ ዋጋው የጨመረው ወርኃዊው «ዶይችላንድ ቲኬት» ለዚህ ይሠራል፤ በፈጣኖቹ ባቡሮች ግን አይሠራም።

ጊዜውን ለጀርመኖቹ ዕርገት አድርገው። ሁልጊዜ ሐሙስ ይውላል፣ በመላው አገሪቱ ሥራ ዝግ ነው፤ ዓርብንም ብዙ ሰው ፈቃድ ይወስድባታል። ሌላም ጥቅም አለው። የእነሱ ፋሲካ ከእኛው ጋር እኩል ይውላል፣ አለዚያም እስከ አምስት ሳምንት ይቀድማል፤ ዕርገታቸው ከፋሲካቸው 39 ቀን በኋላ ስለሆነ ምንጊዜም የሚውለው በእኛ በዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው። ዓርቡ አይጾምም ማለት ነው! አረፋ በዚያ ሰሞን እንዳይገጥም ግን ሙስሊም ጓደኞችህን አስቀድመህ ጠይቅ። አስቤዛውን ረቡዕ ግዙ፤ ሐሙስና እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። (ሐሙስ ዕለት የጀርመን ወንዶች ቢራ በጋሪ እየጎተቱ ቢያጋጥሟችሁ አትደንግጡ፤ የአባቶች ቀናቸው ነው።)

ሥጋ አትያዙ። የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ሁለት ድስት ከተጣደ ደግሞ ሁለት ገበታ ይሆናል። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ የዓሣ ወጥ ሁሉንም ያበላል። ቡናውን ቤት ውስጥ አትቁሉ፤ የጭስ መጠንቀቂያው መንደሩን ያስነሣል። ግቢ ውስጥ ቁሉ፣ ዕጣኑንም እዚያው። ከምሽቱ በሃያ ሁለት... ይቅርታ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ዘፈኑ ይቀነስ፤ እዚያ አገር በዚህ ቀልድ የለም።

ገንዘቡን በተመለከተ ጥብቅ እንሁን። ከመካከላችሁ ስኮላርሺፕ ያለው አለ፣ ምግብ ቤት ሰሐን እያጠበ የሚማር አለ፤ ሁሉም ደግሞ አገር ቤት የሚጠብቀው ሰው አለው። መዋጮውን ዝቅተኛው የሚችለው አድርገው። የተሻለ ያለው ለአንድ ሰብሳቢ በግሉ ይጨምር፤ ማን ስንት እንደከፈለ ሰብሳቢው ብቻ ይወቅ። ግሩፑ ላይ «ያልከፈላችሁ» የሚል የስም ዝርዝር የለጠፍክ ቀን ሽርሽሩ አለቀለት። የቲሸርቱን ገንዘብ ለዓሣው አውለው።

ልጅቷን ለሽርሽሩ የምትጠራት በአካል ነው፤ ለቅሶ ከደረሳችሁ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ። ሐዘን ላይ ናትና «አልችልም» ካለች አትጨቅጭቋት። አልጋዋን ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ለሌላ አትስጥባት፤ ሐሳቧን ብትለውጥ ቦታ ይኑራት። ለዕርገት ሰሞን የቡድን ቤት ቶሎ ስለሚያዝ ስልክ መደወሉን ከወዲሁ ጀምር። ድስቱን ግን የፊታችን ቅዳሜ ውሰድላት።