ባልና ሚስት ለአንድ ወንበር

የዛሬው ንባባችን ከሩቅ አገር የመጣ እውነተኛ ታሪክ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አንብቡለት።

በአሜሪካ አገር ዋዮሚንግ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። እዚያ፣ በትላልቅ ተራሮች መካከል፣ ጃክሰን የምትባል ከተማ ትገኛለች። ብርዷ ብርቱ ነው። በረዶም ይከመርባታል። ዛሬ ብዙ እንግዳ የሚጎበኛት ስመ ጥር ከተማ ናት። በ1912 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት ዘመን፣ ነዋሪዎቿ 300 ያህል ብቻ ነበሩ።

ያኔ የጃክሰን መንገድ ጭቃ ነበር። ከብት በከተማው መካከል እንዳሻው ይሄዳል። ግብሩን ሳይከፍል የቆየው ሰው ብዙ ነው። በከተማው ካዝና የነበረው ገንዘብ 200 ዶላር ብቻ ነበር። በዚህ ገንዘብ ምን ይሠራል?

ግንቦት 3 ቀን 1912 ዓ.ም. የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሆነ። ለከንቲባነት ወይዘሮ ግሬስ ሚለር ቀረቡ። ለ4ቱ የምክር ቤት ወንበሮችም 4 ሴቶች ቀረቡ። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ሮዝ ክራብትሪ ናቸው። ከባላቸው ከአቶ ሄንሪ ጋር ሆቴል ያስተዳድሩ ነበር። ታዲያ ተወዳዳሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ባላቸው!

«ኧረ ጉድ! ባልና ሚስት እንዴት ይወዳደራሉ?» ትሉ ይሆናል። ምርጫ ግን ጠብ አይደለም። ሁለት ሰዎች ለአንድ ሥራ ይቀርባሉ፤ ሕዝቡ አንዱን ይመርጣል። ድምፅ ተቆጠረ። ወይዘሮ ሮዝ ባላቸውን አሸነፉ። ወይዘሮ ግሬስም 56 ለ28 አሸነፉ። አምስቱም ሴቶች ተመረጡ።

በዋዮሚንግ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት ቀደም ብሎ፣ በ1862 ዓ.ም. ነው። ይህ መብት በመላው አሜሪካ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ግን ከጃክሰን ምርጫ 3 ወር በኋላ፣ በነሐሴ 1912 ዓ.ም. ነው።

ሴቶቹ ሥራቸውን በምን ጀመሩ? በገንዘቡ ጀመሩ። ያለ ገንዘብ መንገድ አይጠገንም። ቢሮ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ራሳቸው እየዞሩ ያልተከፈለውን ግብር ሰበሰቡ። በ2 ሳምንት ውስጥ 200 የነበረው 2,000 ዶላር ሆነ። እስቲ አስሉት፤ 10 እጥፍ ነው!

ከዚያ መንገዱን አስጠገኑ። የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አስቀበሩ። ቆሻሻ እንዲነሣ አደረጉ። ወደ መቃብር ቦታ የሚወስድ መንገድ አሠሩ። ፐርል ዊሊያምስ የምትባል ወጣት ደግሞ ጸጥታ አስከባሪ ሆነች። ከብቱን ከከተማው መካከል የምታስወጣ እርሷ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ ለወይዘሮ ግሬስ እንደገና ድምፁን ሰጠ። እስከ 1915 ዓ.ም. ከንቲባ ሆነው አገለገሉ።

አበው «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ይላሉ። ነገ በእናንተ ዘንድ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት «ምረጡኝ» ብለው ቢነሡ፣ የማን ዘመድ እንደሆኑ ብቻ አትጠይቁ። «ግብሩን እንዴት ትሰበስባላችሁ? በምን ላይ ታውሉታላችሁ? ሒሳቡን ለሕዝብ ታሳያላችሁ ወይ?» በሏቸው። ሒሳቡ ሲለጠፍም ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። አሁን ፊደልም ቁጥርም ታውቃላችሁ። ቀርባችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ሴቶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሠሩት ምንድን ነው? ለምን?
2. ባልና ሚስት ለአንድ ወንበር ቢወዳደሩ እናንተ ምን ትላላችሁ?
3. በሰፈራችሁ ቶሎ መጠገን ያለበት ነገር ምንድን ነው? በደብተራችሁ ላይ 3 መስመር ጻፉ።