ከገመዱ ወዲህ

ዶልፊን የሰው ወዳጅ ነው የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒዮስ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ሰፊ መጽሐፉ፣ በኢጣልያ አገር በሉክሪኖስ ሐይቅ ይኖር የነበረ አንድ ዶልፊን ከአንድ የድኻ ልጅ ጋራ ተላምዶ፣ ብላቴናው በጠራው ቍጥር ከጥልቁ እየወጣ፣ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤት ያሻግረው እንደ ነበር ይተርካል። ታሪኩን ማመንና አለማመን የአንባቢ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ በየባሕሩ ዳር «ከዶልፊን ጋራ ዋኙ» እያሉ ቲኬት የሚሸጡ ሰዎች የዘነጉትን አንድ ነገር አገኝበታለሁ፤ ይኸውም ብላቴናው ቢጠራም እንኳ የመጣው ዶልፊኑ እንጂ፣ ልጁ ወደ ዶልፊኑ ማደሪያ ዘልቆ አለመግባቱ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ወራት በካይሮ የምትኖረው እኅቴ ከባሏና ከልጆቿ ጋራ፣ እኔም ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ ሆነን፣ እናታችንንም አስከትለን፣ በቀይ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ማርሳ ዓለም ወረድን። ከዚያም በጀልባ ተሳፍረን፣ ሳማዳይ ወደሚባለው፣ ግማሽ ክብ ሠርቶ በባሕር ውስጥ እንደ ቅጥር ወደ ቆመው የኮራል ዐለት ስንቃረብ፣ ሁለት ዶልፊኖች ከውኃው ተወርውረው በአየር ላይ ደጋግመው ሾሩና ወደ ጥልቁ ተመለሱ። ነጠላቸውን ተከናንበው ከጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩት እናታችን፣ «እንዝርት ናቸው እኮ እናንተ!» ብለው እጃቸውን ባፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራችን፣ በዕለተ ሐሙስ ከባሕር የተገኙት ፍጥረታት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩና በክንፍ የሚበሩ ናቸው ሲሉ ያስተማሩንን አስታውሼ፣ በሳንባ እየተነፈሰ፣ ግልገሉን ጡት እያጠባ፣ ያለ ክንፍ የሚበረውን ይህን ፍጥረት ከየትኛው ወገን እንደምቈጥረው እስካሁን አልለየልኝም።

እነዚህ ረጅም አፍ ያላቸው፣ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር እምብዛም የማያልፍ ዶልፊኖች፣ ሌሊቱን በክፍት ባሕር ትንንሽ ዓሣ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ ሲያድኑ ያድሩና፣ ሲነጋ ሞገድ ወደማይበረታበት፣ ወለሉም ነጭ አሸዋ ስለ ሆነ ሻርክ ቢመጣ ቶሎ ወደሚታይበት ወደዚህ ጸጥተኛ ስፍራ ገብተው ይተኛሉ። እንቅልፋቸውም እጅግ የሚያስደንቅ ነው። እስትንፋሳቸው እንደ እኛ ሳይታሰብ የሚመላለስ ስላልሆነ፣ የአንጎላቸው አንዱ ግማሽ ሲያርፍ ሁለተኛው ግማሽ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህም ተጠጋግተው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ዝግ ብለው እየዋኙ ይተኛሉ። ኬኔት ኖሪስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ይህንኑ ጠባያቸውን በሃዋይ ደሴቶች በኬያላኬኩዋ ባሕረ ሰላጤ ለብዙ ጊዜ መርምሮአል። እንግዲህ ቱሪስቱ በቀትር ዶልፊኖቹን ረግተውና ተረጋግተው ሲያገኛቸው፣ ከሰው ጋራ የተላመዱ መስሎት ደስ ይለዋል እንጂ፣ ነገሩ የመላመድ ሳይሆን የእንቅልፍ ነው። ዐሥር ወር ያህል አርግዛ የወለደች፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትወልድ እናት ዶልፊን፣ ቀኑን በሰው ግርግር ሳታርፍ ብትውል፣ ሌሊቱን ደክማ ለማደን ትገደዳለች።

ሳማዳይን ከሌላው የሚለየው ገመዱ ነው። ሕግ ባልወጣለት ዘመን ጀልባዎች እንዳሻቸው እየገቡ ሲያስጨንቁት ከኖሩ በኋላ፣ ዶልፊኖቹ ስፍራውን ጥለው እንዳይሄዱ ስለ ተሰጋ፣ ሹማምንቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 መጨረሻ ዘግተውት፣ በ2004 መጀመሪያ ላይ በሦስት ከፍለው እንደ ገና ከፈቱት፤ የውስጠኛው ክፍል ለዶልፊኖቹ ብቻ፣ መካከለኛው ለዋናተኛ፣ የውጭው ለጀልባ ሆነ። ድንበሩም በውኃው ላይ የተንሳፈፈ ገመድ ነው። የእኅቴ ባል ይህን ባየ ጊዜ ደስ አላለውም፤ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍለን፣ ከሩቅ ለማየት ነው እንዴ የመጣን?» አለኝ። የተኛን ፍጥረት ለመቀስቀስ የሚከፈል ዋጋ የለም ብዬ ብመልስለት፣ አንተ ድሮም ባሕር ትፈራለህ ብሎ ሳቀብኝ፤ ይህ ደግሞ ፍጹም ሐሰት አይደለም።

ሆኖም ተንሳፋፊ ሰደርያችንን ለብሰን፣ መነጽራችንን አጥልቀን፣ ልጆቹን በመካከላችን አድርገን ገመዱ አጠገብ ደረስን። ከገመዱ ወዲያ፣ በሰማያዊው ውስጥ፣ ሕልም የሚመስል ጥላ ተሰልፎ ያልፋል፤ ተመልሶም ያልፋል። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ብዙ ከቈየን በኋላ፣ ገና ወጣት የሆኑ የሚመስሉ ሦስቱ ከመንጋው ተለይተው፣ ከገመዱ ሥር ሾልከው ወደ እኛ መጡና፣ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በታናሿ ልጄ እግር ሥር አለፈ፤ ወዲያው ወደ ወገኖቻቸው ተመለሱ። ልጅቱ በውኃው ውስጥ ስትጮኽ የወጣው አረፋ እንጂ ድምፅ አልነበረም። ያየነው ይህን ብቻ ነው፤ የመጡትም የሄዱትም በገዛ ፈቃዳቸው ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ2021 በሃዋይ ያወጣው ደንብ ከዚህ ይልቅ ይጠብቃል፤ ወደ እነዚሁ ዶልፊኖች ከ45 ሜትር ባነሰ ርቀት ቀርቦ መዋኘት የተከለከለ ሲሆን፣ ዶልፊኑ በራሱ ፈቃድ ቢቀርብ እንኳ ሰው ዘወር እንዲል ታዝዞአል። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ የገመዱን ግን እመርጣለሁ። ውኃ እስከ ዐይኑ የደረሰበት ሰው 45 ሜትርን በምን ይለካል? ገመድን ግን ሕፃን ያየዋል፤ ወዲህ ለመምጣት የፈቀደ ዶልፊንም ይሾልክበታል። እርግጥ ነው፣ ዶልፊን በሚገባበት የባሕር ዳር ሁሉ ገመድ መዘርጋት አይቻልም።

አማቼ ግን አሁንም አልተረታም። ወደ ካይሮ ሲመለስ በሁርጋዳ በኩል አልፎ፣ ሻዓብ አል ዔርግ በሚባለው የኮራል ዐለት አጠገብ ጀልባ እየተፎካከረ ሰውን በዶልፊኖች ፊት በሚጥልበት ጉዞ ተሳፍሮ፣ በእጁ ሊነካቸው ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር እየተደሰተ ነገረኝ፤ ቪዲዮውንም ላከልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚታየው የሚሸሽ ጭራ ነው፤ እርሱ ግን ይህ የካሜራው ጥፋት ነው ይላል።